ትርንጎ ለብቻ የለየችው ሰሃን

ትርንጎዬ፣ የልጆቼ እናት፣

ከተለየሽን ወዲህ የስግድ በዓላችን ሁለት ጊዜ ዞረ። እኔ አለሁ። የምናገረው እኔ ነኝ፣ የምትጽፈው ልጅሽ አስናቀች ናት፤ አዲስ አበባ ወደ ቅድስት አገር የሚያመጣንን አውሮፕላን ስንጠብቅ የቆጠረችው ፊደል አልጠፋባትም። እኔ እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ፤ አላፍርበትም።

ቤቱ ያው የሺኩን ቫቲኪም ሰፈሩ ነው። በረንዳው ላይ የተከልሽው ጤና አዳም ውኃ ሳላጓድልበት ደረቀ። ፍራሽሽን ግን ከዚያ አላነሣሁትም ነበር።

የማስጽፍልሽም ስለዚያ ፍራሽ ነው። በመጨረሻው ዓመት በረንዳ ላይ ለብቻሽ መተኛት ስትጀምሪ፣ ሰሃንሽንና ኩባያሽን ከኛ ስትለዪ፣ ደም እንዳየሽ ገባኝ። አገራችን ሴት ደም ስታይ ወደ መርገም ጎጆ ትወጣ ነበር፤ ምግቧ በሩቅ ይቀመጥላታል፣ ወንድ አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅሁም። ኮራሁብሽ እንጂ። ሰው የተወውን ወግ ትርንጎ በስተርጅናዋ መለሰችው አልኩ። በዚያ ዕድሜ የምን ደም ነው ያለ አልነበረም። ደሙ የአንጀትሽ ነበር።

የልጅሽ ሥራ ደግሞ ይኸው ነው። ማዕባዳ፣ ማለት ላቦራቶሪ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ካንሰር ሰውን ገና ሳያሳምም በደምና በሰገራ ላይ የሚተወውን ምልክት ትፈልጋለች። ላንቺም ያቺን የሰገራ መመርመሪያ ብልቃጥ አምጥታልሽ ነበር። ይህን ለወለድኳት አላሳይም ብለሽ በጨርቅ ቋጥረሽ ቁምሳጥን ላይ ወረወርሻት። ከቀበርንሽ በኋላ አገኘናት፣ እንደታሸገች። አስናቀች ይዛት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አሁንም እዚህ ላይ እጇ ቆሟል፤ ጻፊ ብያታለሁ።

ባለፈው ክረምት አሮጊቶቹን ሰብስባ ስለ ምልክቱ ነገረቻቸው፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በዕብራይስጥ። አንገታቸውን ደፉ። አንዷማ፣ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ተምረሽ የምታወሪው ስለ ሰገራ ነው? አለቻትና ሳቁባት። አባ፣ አንተ ንገራቸው አለችኝ። የእናትሽን ገመና አደባባይ ላውጣ? ብዬ ጮህኩባት።

ከዚያ አንድ ሰንበት፣ ጸሎት አልቆ ዳቦ ሲቆረስ፣ ጎረቤታችን በላይነሽ ጥግ ላይ ለብቻዋ ተቀምጣ አየኋት። ኩባያዋን ከቤቷ ይዛ መጥታለች። እንዳንቺው የልጅ ልጅ ያየች አሮጊት።

ተነሥቼ ቆምኩ፣ ቄሱም ባሉበት። ትርንጎን የገደላት የአንጀት ካንሰር ነው፤ ደሙን የሴት ወግ መስሏት ደበቀችው፤ በርጅና የሚመጣ ደም የመርገም ጎጆ ደም አይደለም፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ አልኩ። አንዱ ሽማግሌ፣ አፍህን ዝጋ፣ አንተ ምን ዓይነት ባል ነህ? አለኝ። ሚስቱን የቀበረ ባል ነኝ አልኩት። በላይነሽ ኩባያዋን አንሥታ ወጣች።

አሁን ሆስፒታል ተኝታለች። ከአንጀቷ ቆርጠው አወጡላት፣ ግን ወደ ጉበቷ አልፎ ተገኘ። ትትረፍ አትትረፍ እንጃ። ልጠይቃት ብሄድ፣ ምነው ትርንጎ የሞተች ጊዜ በተናገርክ አለችኝ።

ትርንጎዬ፣ ገመናሽን አውጥቻለሁ። ብትቆጪም ተቆጪ፤ ስንገናኝ ትሰድቢኛለሽ። እስከዚያ ግን ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ስምሽን ከነደምሽ እጠራለሁ። እኔ የማስታውስሽ እንዲህ ነው።

ፍራሽሽን አስገብቼ ከአልጋዬ ጎን ዘርግቼዋለሁ። ሰሃንሽንም ከኛ ሰሃን ቀላቀልኩት። የዛሬ ምሳዬን የበላሁት በእሱ ነው።