በአንገት ንቅነቃ የተወረሰው ቤታችን

ለክቡር መልአከ ሰላም ተክለጻድቅ፣
የደብራችን አስተዳዳሪና የሟች አባቴ የነፍስ አባት፤
ነቀምቴ።

እግዚአብሔር ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ ጉልበትዎ አይዛል፤ ዓይንዎ አይፍዘዝ። በተለይም ስለ አንገትዎ ጤንነት አጥብቄ እጸልያለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

እኔ የግራዝማች መሸሻ ልጅ በዛብሽ ነኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ደጅዎን ስጠና ከርሜ፣ ነገ ነይ መባሉ ስለ ሰለቸኝ፣ ይህን ደብዳቤ ለክቡርነትዎ ጽፌ ግልባጩን በገበያው መግቢያ ባለው ዋርካ ላይ ለጥፌዋለሁ። ቢቀደድ ሌላ እለጥፋለሁ፤ ለመጮህ ግን አቅም የለኝም።

አንደኛ፣ ምስጋና አቀርባለሁ። አባቴ አንደበቱ ተዘግቶ አልጋ ላይ በወደቀ ጊዜ፣ ክቡርነትዎ በዚያ ዝናብና ጭቃ ሽማግሌዎች አስከትለው መጥተው ኑዛዜውን ተቀብለውልናል። አንዲት ቃል መናገር ያቃተውን ሰው እንዲያ ያለ ረጅም ኑዛዜ ማናዘዝ ለሌላ ካህን የተሰጠ ጸጋ አይመስለኝም። ጉቴ ያለውን ባሕር ዛፍ ለደብሩ ሰጥተሃል ወይ ብለው ጠየቁት፤ አዎ እንደሚል ሰው አንገቱን ነቀነቀ። ቤትና ግቢህንስ ለነፍሴ ይሁን ብለሃል ወይ አሉት፤ አሁንም ነቀነቀ። ሽማግሌዎቹም ሰምተናል አሉ። ምን እንደ ሰሙ እስካሁን አልገባኝም።

ሁለተኛ፣ አባቴ በዚያው ቀን ሌላም ብዙ ነገር መናዘዙን ሳላሳውቅዎ ብቀር ኃጢአት ይሆንብኛል። ጎረቤታችን አቶ ተረፋ ውሃ ትጠጣለህ ወይ ሲለው ነቀነቀ፤ ጠጥቶ ሲያበቃ፣ አልጠጣህም አይደል ቢለው ያንኑ ነቀነቀ። እናቴ ልቡ እዚህ መሆኑን ልታውቅ ብላ፣ እኔ እህትህ ነኝ ወይ ብትለው ነቀነቀላት። እንግዲህ በክቡርነትዎ ሥርዓት እናቴ ለአባቴ እህቱ ናት ማለት ነው፤ እኔ ምናቸው እንደምሆን ሊቃውንቱ ይፍረዱ። እንኳን ሰው ጠይቆት፣ ዝንብ ስታርፍበትም ይነቀንቅ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ እናቴ ስለ ወይዘሮ ድርቤ ነው። ዲጋ ያሉ ዘመዶቿን ትታ አባቴን ተከትላ መጥታ፣ የዚያን ቤት ጭቃ በእግሯ ረግጣ፣ ግድግዳውን በእጇ ለስናለች። አባቴ ጤነኛ ሳለ፣ ባሕር ዛፉ ለደብሩ፣ ቤቱ ለድርቤ እያለ ለሰው ሁሉ ይናገር ነበር፤ ክቡርነትዎም ከማዕዳችን ተቀምጠው በጆሮዎ ሰምተውታል። ባሕር ዛፉን ይውሰዱት፣ ማንም አይከራከርዎትም። በተዝካሩ ዕለት ኑዛዜው በዳስ ውስጥ ሲነበብ ግን፣ እናቴ ቤቷ መወሰዱን የሰማችው ለካህናቱ ጠላ እየቀዳች ነው። አልጮኸችም፤ በኦሮምኛ ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ ሆይ፣ ብላ መቅዳቷን ቀጠለች። አሁን ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ቤቱን እንድትለቅ ታዝዛለች። እሷ ግን ዛሬም እሁድ እሁድ የደብሩን ቅጥር ትጠርጋለች፤ ተይ ብላት እምቢ አለችኝ። ከሁሉም ይልቅ የሚያበግነኝ ይኸው ነው።

አራተኛም ነበረኝ፤ ግን ደከመኝ።

ለአባቴ ነፍስ ብለው እናቴን ከቤት ለማስወጣት ለሚደክሙት ክቡርነትዎ፣ መስቀልዎን ተሳልሜ፣ ከጉልበትዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ቤት ብናጣም አክብሮት ያላጣሁ የመንፈስ ልጅዎ፣

በዛብሽ መሸሻ
ግንቦት ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

ሳልረሳው፦ መቼም ሁላችንም ሟች ነን። ምናልባት ክቡርነትዎ ታመው አንደበትዎ የተዘጋ እንደ ሆነ፣ እናቴ ደግ ናትና ሄጄ ልጠይቃቸው ማለቷ አይቀርም። እኔም እነዚያኑ ሽማግሌዎች ይዤ አብሬያት እመጣለሁ። ከራስጌዎ ቆሜ፣ የድርቤን ቤት መልሰዋል ወይ ብዬ አንድ ጊዜ ብቻ እጠይቅዎታለሁ። እስከዚያው ድረስ አንገትዎን ይጠብቁልኝ።