አባባና ጎባጤ

ለምወድህ ወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ ሰዉስ፣ ብቻህን የምትበላው ምሳስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። አባባም «ደህና ነው በዪው» ብሎኛልና ደህና ነው። ከዚህ በላይ ስለ ጤናው አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ አስምሎኛል። ስለዚህ የምጽፍልህ ስለ ጌም ነው። አትሳቅ፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ለደንበኛ ማቆያ ተብሎ የተገዛው፣ አንተን ከመቀስ ያፋታህ ያ የድብድብ ጌም ትዝ ይልሃል? አባባ ሰው ፊት ገመዱን ነቅሎ «ወይ እኔን ወይ ይሄን!» ያለህ፣ አንተም ቦርሳህን አንጠልጥለህ የወጣህበት? ያንኑ አባባ ከፀጉር ቤቱ አምጥቶ ሳሎናችን ውስጥ ተክሎታል። ከሰዓት በኋላ በሙሉ ሲጫወት ይውላል። «ፀጉር ቤቱስ?» ትለኝ ይሆናል። ረዳቱ አለ። ምላጩን ለእሱ ትቶለታል፤ «ጢም የሚላጭ ሰው ጠፋ» ነው የሚለው። እኔም እሺ እላለሁ።

መጀመሪያ የያዘው ያንተን ተጫዋች፣ ፌንጣን ነበር። ምን ዋጋ አለው! ፌንጣ ፈጣን ነው፤ ሁለት ቡጢ ከቀመሰ ግን አለቀለት፤ የአባባ ጣት ደግሞ ለእሱ ሩጫ አልደረሰም። እኔ እንኳ፣ በዕውር ድንብር ቁልፍ የምጨፈልቀው እህትህ፣ ዘረርኩት። አኮረፈ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ግን አንድም ድብድብ ሳይገጥም ተጫዋቾቹን ተራ በተራ እየመረጠ ወዲያ ወዲህ ያንሸራሽራቸዋል። ምን እያደረግህ ነው ብለው፣ «አዲስ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ አናቱን በእጄ ነው የማየው። ፀጉሩ ወዴት እንደሚተኛ ሳላውቅ መቀስ አላነሳም» አለኝ።

አይቶ አይቶ ያነሳው ጎባጤን ነው! አዎ፣ «ይሄንንስ ጡረታ ቢያወጡት» እያልን የምንስቅበትን ባለ ብረት በትር ሽማግሌ። እርምጃው የኤሊ ነው፤ ዝላዩ ከመሬት አይነሳም፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዞር እስኪል ድረስ በላዩ ዘልሎ ያለፈ ሁሉ ጀርባውን ይወቅጠዋል። በትሩ ግን የስክሪኑን ግማሽ ይደርሳል፤ ካገኘም አይምርም። ታዲያ አባባ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሌላው ሰው እንደ እሳት የሚሸሸው ጥግ ውስጥ ራሱ ሄዶ ይገባል። ጀርባውን ከግድግዳው ያጣብቃል። እኔ ሞኟ ተቀረቀረልኝ ብዬ እሮጣለሁ፤ በትሩ መንገድ ላይ ይቀበለኛል። «ከኋላዬ ግድግዳ ካለ ማን ይዞረኛል? መዞር ካልሆነልኝ፣ መዞር የማያስፈልግበት ቦታ እሄዳለኋ!» አለኝ።

የባሰውን ስማ ደግሞ። ቁልፉን በጣም ቶሎ ቶሎ ለነካ ሰው የጎባጤ በትር እንደ በረዶ እንደሚወርድ ታውቃለህ፤ አንተ ራስህ ጣትህ እስኪዝል ሞክረህ የተውከው ነገር ነው። አባባ አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ ያሳርፋል፤ በቃ። የቀረውን ጣቱ ራሱ ይሠራዋል፤ ቁም ቢለውም አይቆምም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ደጋግሞ ተሸንፎ «ኧረ ይሄንን የት ተማርከው?» ቢለው፣ አባባ እጁን ኪሱ ከትቶ «ሳልጠራው የመጣ ነው» አለው። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። ከዚህ በላይ አልልም፤ ምያለሁ።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። በጉድለቱ ሲሸማቀቅ ይኖራል ብዬ የፈራሁለት ሰው በዚያው በጉድለቱ ሲያሸንፍ አያለሁ። ከአባቴ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አርጅቼ፣ ያወቅሁት ገና አሁን ይመስለኛል።

የሚፈራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንተን። ማሽኑን በፌንጣ እያስጫወተ ሲገጥም ይውላል፤ ቢያሸንፍም ደስ አይለውም። «የሱ ፌንጣ እንዲህ አይደለም። ሁለቴ እንጣጥ ብሎ ያታልላል፤ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው» ይላል። «አንተ መቼ አየኸው፣ ሁልጊዜ ጀርባህን ሰጥተኸው አልነበር ወይ?» አልኩት። «ፊቴስ ምን ነበር?» አለኝ። መስታወቱ! ያን ሁሉ ዓመት የሰው ጢም እየላጨ፣ አንተን እየተቆጣ፣ በመስታወቱ ውስጥ ሲያይህ ኖሯል። አንዲት ዝላይህ አላመለጠችውም።

አሁን ሶፋው ላይ በቀኝ በኩል ማንም አይቀመጥም። «እሱ ከቀኝ ካልተነሳ ጣቱ አይታዘዝለትም፤ ቦታው ይጠብቀው» ይላል። እሱ በግራ ተቀምጦ፣ ጎባጤን ከግራው ግድግዳ አጣብቆ ይለማመዳል። አንተ ግን ዕድሜህን ሙሉ ከግራ እንጂ ከቀኝ ተነስተህ አታውቅም። መስታወት ግራውን ቀኝ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ያንተው ቦታ ላይ ተቀምጦ ነው የሚጠብቅህ። ልነግረው ነበር፤ ተውኩት።

ይቅርታ ጠይቀው አልልህም፤ እሱም አይጠይቅህም፤ ታውቀዋለህ። ብቻ ዘንድሮ ና፤ ለከርሞ አትበል። ስትገባም ምንም ሳትናገር በቀኝ በኩል ተቀመጥ።

መንገድህን ያቅናልህ፤ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ፤ በሰላም ያገናኘን።

በር በሩን የምታየው ታናሽ እህትህ