ከክሊኒክዎ በር ሃያ ሁለት እርምጃ ስለሚርቁት በሽተኛ

ለተከበሩ የ«ክፍት በር» ነፃ ክሊኒክ ዋና ዳይሬክተር
ዩኒቨርሲቲ አቬኑ፣ ሴንት ፖል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በቅርቡ ለተቀየረው የመጠበቂያ ክፍልዎ ሶፋ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከክሊኒክዎ ጎን ልብስ የማስተካክልና ዚፕ የምቀይር ጎረቤትዎ ነኝ። መስኮቴ የሚያየው የእርስዎን መኪና ማቆሚያ ነው፤ እዚያ በቆመች አሮጌ ቶዮታ ውስጥ ጋሽ ሂርጳ ይኖራሉ። ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተው፣ ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ሲያደክመው ሥራውንም ቤቱንም ያጡ ሰው ናቸው። አሁን ደግሞ ቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ላይ አልድን ያለ ቁስል አለ። «ሕክምናን ለተቸገሩት እናቀርባለን» የሚለው ግዙፍ ሰሌዳዎ ንፋስ ስለሚከልልላቸው እስካሁን ለሰጧቸው አገልግሎት ጋሽ ሂርጳ ከልብ ያመሰግናሉ። የቀሩትን ጥቃቅን ጉዳዮች እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ትሑቷ ነርስዎ ሦስት ጊዜ ደውላ እንደምን እንዳሉ ጠይቃቸዋለች። እርሳቸውም ሦስቱንም ጊዜ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ ብለው፣ የነርሷን እናት ጤንነትም ጠይቀዋል። በዚህም መሠረት ሦስት ጊዜ «ሕመም የለበትም» ተብለው ከተራ ተሰርዘዋል። ክቡር ሆይ፣ የእኛ ሰው ሰላምታ ሳይጨርስ ስለ እግሩ ጣት አያወራም፤ ነውር ነው። ነርሷ ስልኩን ለመዝጋት ባትቸኩል ኖሮ ጣቱ ጋ መድረሳቸው አይቀርም ነበር።

2ኛ. እኔው ደግፌ ሳመጣቸው፣ ቀጠሮ የሚላከው በፖስታ ስለሆነ የቤት አድራሻ ተጠየቅን። የለም ስንል ቤት ለሌላቸው ሰዎች የተዘጋጀው ቅጽ ተሰጠን፤ ቅጹም ቤት እንደሌላቸው የሚያረጋግጥ የአከራይ ፊርማ ይጠይቃል። ይህን ያሰበውን ሰው ላመሰግን ብጠይቅ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ስብሰባው እንዲህ ያሉ ችግረኞች የት እንደሚገኙ ለመመካከር ነበር። የመስኮቱን መጋረጃ ገለጥ ቢያደርጉት ኖሮ ስብሰባው በጊዜ ይበተን ነበር።

3ኛ. ይህኛው ምስጋና ነው። በር ላይ የሚታደለው ወረቀትዎ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ እንዲቀመጥ ይመክራል። በሚኒሶታ ጥር መኪናው ራሱ ፍሪጅ ስለሆነ፣ ከድሮ የተረፈቻቸው ኢንሱሊን በረዶ እንዳትሆን እኔ ጋ በአዝራር ሳጥን ውስጥ አኑረናታል።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዴን ይቅር ይበሉኝ። ጣቱ መጥቆር ጀምሯል፤ እግራቸውን እንዳያጡ ፈርቻለሁ። የምለምነው አንድ ሐኪም ሃያ ሁለት እርምጃ እንዲራመድ ብቻ ነው። መንገድ ላይ የካፖርቱ አዝራር ቢረግፍ በነፃ እተክልለታለሁ።

ለቅጾችዎ ብዛትና ለስብሰባዎችዎ ርዝመት ያለኝን ወሰን የለሽ አክብሮት እየገለጽኩ፣ መርፌዬን አስቀምጬ እጅ የምነሳ፣

ጎረቤትዎ ፈነት ዋለ

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ከቢሮዎ ለጋሽ ሂርጳ ወረቀት ደረሳቸው፤ የመኪናቸው መስታወት መጥረጊያ ሥር ተሰክቶ ነበር። አድራሻቸው በመገኘቱ እንኳን ደስ አለዎት። ወረቀቱ መኪናው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተጎትቶ እንደሚወሰድ ያስታውቃል። ጋሽ ሂርጳ ግን ዓይናቸው የለየላቸው በትልቁ የተጻፈውን ቀንና ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ የጠበቁት ቀጠሮ የመጣ መስሏቸው ኮታቸውን እንድተኩስላቸው ሰጥተውኛል። እውነቱን ለመንገር ወኔ አጣሁ። ሐሙስ ወይ ሐኪም ይላኩላቸው፣ ወይ ራስዎ መጥተው ይንገሯቸው፤ ኮቱን ተኩሼ ጨርሻለሁ።