የእሁዱ ጭነት

ውድ ኡምሀኒ፣

አራሷ ልጅሽ እንዴት ሰነበተች? ሕፃኑስ ጡት በደንብ ያዘ? አላህ ያሳድገው። ይህን በስልክም ጠይቄሻለሁ። ግን ድምፅሽን ስሰማ ልናገር ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኝና «በይ ደህና ሁኚ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ወደ ከሚሴ የሚወጣ ሹፌር ጓደኛዬ ያደርስልኛል።

መጀመሪያ መኪናዬን የጠየቅሽኝ ቀን ትዝ ይልሻል? አይሱዙዬን ሳጥብ መጥተሽ አጠገቤ ቆምሽና፣ «አቡዘር፣ እዚህ ገላን፣ አፍንጫችን ሥር የበቀለ ቲማቲም ላፍቶ ገበያ ድረስ ሄዶ፣ በስንት ደላላ እጅ አልፎ፣ እኛ ጋ ሲመለስ ዋጋውን የማንችለው ለምንድን ነው?» አልሽኝ። እኔ ምን አውቄ! «መኪናህ እንደሆነ እሁድ እሁድ ቆሞ ነው የሚውለው» ስትዪኝ ነው ነገሩ የገባኝ። የልጆቼ እናት ካረፈች ወዲህ እሁድን እንዴት እንደምገፋው አታውቂም ነበር። ወይም ታውቂ ነበር።

አንቺ የገላኑን ገበሬ ኩምሳን አግባባሽው፤ እሱም በጉድጓድ ውሃ የሚያለማውን አትክልት ለእኛ በቀጥታ ሊሰጥ ተስማማ። እኔ ጫንኩ። ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ገበያችን ቆመ። ሴቶቹ ዘንቢላቸውን ይዘው ሲከቡሽ እኔ ጋቢና ውስጥ ሆኜ በመስታወት አይሽ ነበር። ሣጥን እንዳይጠፋ የምጠብቅ መስሎሽ ይሆናል።

ከሚሴ ከሄድሽ በኋላ ግን፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ናፍጣ ጠፋ። ማደያ ተሰልፌ ዋልኩ፤ ተራዬ ሊደርስ ሲል «አልቋል» ተባለ። ኩምሳ ጋ ደወልኩ።

«ቲማቲሙን አልለቀምከውም አይደል?»

«ለቅሜ ጨርሻለሁ እንጂ! ጎመኑም ታስሯል። ደላላው ሰምቶ መጥቶ እዚህ ቆሟል። ልስጠው?»

እውነቴን ነው፣ «ስጠው» ልል ነበር። ከዚያ እማማ አደሴ ታወሱኝ። የስኳር ሕመም አለብዎት፣ ጎመንና ሰላጣ ያዘውትሩ ተብለው፣ የሚገዙበት ቢያጡ ዳቦ በሻይ ሲበሉ የደረስሽባቸው አንቺ ነሽ። አሁን እሁድ ጠዋት ከሁሉ ቀድመው በርጩማቸውን ይዘው የሚመጡት እሳቸው ናቸው። አንቺ በሌለሽበት ባዶ ዘንቢል ይዘው ሲመለሱ ታየኝ።

«ጋሪ አለህ?» አልኩት።

«የአህያ ጋሪ?»

«አዎ፣ የአህያ።»

ኩምሳ ሳቀ። «ከጎረቤት ጨምሬ ሦስት አላጣም» አለኝ።

እንግዲህ ኡምሀኒ፣ ዕድሜዬን ሙሉ መሪ የጨበጥኩት ሰውዬ እሁድ ማለዳ ከኩምሳ ጋር አህያ እየነዳሁ አቃቂ ገባሁ። የባጃጅ ልጆች አይተውኝ ምድሩን በሳቅ ሞሉት። «ጋሼ፣ ስንት ሲሲ ነው?» ይለኛል አንዱ። «ፍሬኑስ ይይዛል?» ይላል ሌላው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ደግሞ አንዷ አህያ ቀጥ ብላ ቆመች። ብገፋት፣ ብለምናት፣ ወይ ፍንክች! ኩምሳ ጠጋ ብሎ በኦሮምኛ አንድ ነገር ሲላት ግን ተነሥታ ሄደች። እኔን ንቃኝ ኖሯል።

ስንደርስ ፀሐዩ ከረር ብሏል። ሁሉም ተስፋ ቆርጦ ሄዷል ብዬ ነበር። አልሄዱም። ግንቡን ተጠግተው፣ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ይጠብቃሉ። «መጣ! መጣ!» ተባለና ገና ጋሪው ሳይቆም ሣጥኑን ተቀባበሉት። ማንም አላጉረመረመም። እኔ ዞር ብዬ የአህያዋን ገመድ የማስተካክል መሰልኩ።

ግርግሩ ሲበርድ እማማ አደሴ ጎመናቸውን ታቅፈው ጠሩኝ።

«አቡዘር፣ ይህን ሁሉ ለማን ብለህ ነው?»

«ለሰፈሩ ነዋ፣ እማማ።»

«ሰፈሩንማ ሁላችንም እንወደዋለን» አሉ። «አህያ የነዳለት ግን ከአንተ በቀር አላየሁም።»

ፊቴን አዩና ፈገግ አሉ። «ስትመጣ ንገራት። ኧረ ሳትመጣም ንገራት፤ ዕድሜ እንደሁ አይጠብቅ።»

እነሆ ነገርኩሽ። ኡምሀኒ፣ ወጣት አይደለሁም። አንቺም ባልሽን ቀብረሽ ልጅሽን ብቻሽን ለወግ ያበቃሽ ሴት ነሽ፤ ብቸኝነት ምን እንደሆነ እኔ አልነግርሽም። የቀረኝን ዘመን ከአንቺ ጋር መኖር እፈልጋለሁ። የማሳምርበት ሌላ ቃል የለኝም። ፈቃድሽ ከሆነ ወንድምሽ ዘንድ ሽማግሌ እልካለሁ።

እምቢ ብትዪኝም አልቀየምሽም። ብቻ አንድ ነገር እወቂልኝ፤ ጭነቱ ከዚህ ጋር አይያያዝም። ብትወጂኝም ባትወጂኝም እሁድ ማለዳ ኩምሳ ማሳ ላይ ነኝ። በሩ ላይ የሚጠብቁት ሰዎች የእኔም ሰዎች ሆነዋል።

አራሷ ሳትጠነክር ጥለሻት አትምጪ። ለእኔ ብለሽ አትቸኩዪ፤ እጠብቃለሁ። ትንሽ ብትቸኩዪ ግን አይከፋኝም።

አክባሪሽ
አቡዘር፣ ከአቃቂ