የመጨረሻዋ ሽወዳዬ

ጥር 6

ልምምድ። ጉልበቴ ዛሬም አበጠ... ባለቤቴ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝና «የማታ ተማሪው፣ ጻፍ እንጂ» ብላ ሳቀች። ልጻፍ እንጂ። ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ዝም ልበል? አራት ነበርን፤ ሁለቱ አቋርጠዋል። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

ጥር 9

አሰልጣኙ ጠራኝ። ፋብሪካው ለቅርጫት ኳስ ቡድኑ አንድ ረጅም ሰው ብቻ ፈቅዷል አለ። ወይ እኔ፣ ወይ ሸምበቆ። ሸምበቆ ዘንድሮ የመጣው ልጅ ነው። ቁመቱ ማለቂያ የለው፣ ሥጋ የሚባል ነገር ያልጎበኘው።

«በየቀኑ የምትጋፋው አንተ ነህ። አምስት ዓመት ብንይዘው ያዋጣል? እውነቱን ንገረኝ።»

የሚጠይቀው ሰው አጣ? እስከ ዛሬ ግማሽ ቀን ልምምድ፣ ግማሽ ቀን መጋዘን ነኝ። ከቡድኑ የወጣ ግን ሙሉ ቀን ጆንያ ነው። በዚህ ጉልበት...

«ልየው» አልኩ።

ጥር 12

አየሁት። በግራ ትከሻዬ አታልዬ በቀኝ አለፍኩት። ሐውልት ሆኖ ቀረ።

«ጋሼ፣ እንዴት አድርገው ነው ያለፉኝ?»

«አንቱታውን ተውና ኳሱን ያዝ።»

ጥር 13

ያችኑ ሽወዳ ደገምኳት። ነቃባት። ሌላ አወጣሁ፣ ተሸወደ። ነገ ግን አይሸወድም፤ ገብቶኛል።

ጥር 19

ደከመኝ። ስንት ዓመት ያጠራቀምኳቸውን ሽወዳዎች በሳምንት ጨረሰብኝ። አንዷም ሁለት ቀን አላደረችም። አንዲት ቀርታኛለች። ኳሱን ላቀብል ይመስል ዓይኔንም አንገቴንም ወደ ጥግ እልካለሁ፤ ተከላካዩ ሲዞር እኔ ቅርጫቱ ሥር ነኝ። ለማን ነው የማስቀምጣት?

ጥር 20

አሰልጣኙ ከሥራ አስኪያጁ ጋር መጣ። አወጣኋት። ሸምበቆ ዞሮ ጀርባውን ሰጠኝ፣ አገባሁ።

«ይሄማ ገና ጥሬ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

አሰልጣኙ እኔን አየኝ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማጥበቅ ጀመርኩ... ማታ ባለቤቴ «አሸንፈህ ነው እንዲህ የከፋህ?» አለች።

ጥር 21

ጠዋት አሰልጣኙ ቢሮ ገባሁ።

«ዛሬ ያችኑ እደግማታለሁ። ቁጭ ብለህ እይ።»

«አየኋት እኮ።»

«ትናንት ያየኸው እኔን ነው። ዛሬ ልጁን እየው።»

ደገምኳት። ሸምበቆ ዓይኔን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ የሚያየው ወገቤን ነበር። ኳሱን ከእጄ እንደ ሎሚ ቀጠፈው።

«አምስት ዓመት ነው ያልከኝ?» አልኩት አሰልጣኙን። «አሥር ያዘው።»

«አንተስ?»

«ጆንያ አይሸወድም እንጂ፣ እኔስ ምን እሆናለሁ።»

ባለቤቴ ስትሰማ በረዶውን ጠቅልላ ሰጠችኝ።

የካቲት 24

ሳምንቱን ሙሉ ጆንያ። ወገቤ ጉልበቴን አስረስቶኛል፤ ይሄም አንድ ነገር ነው። ዛሬ እረፍት ስለሆነ ጨዋታ ለማየት ሄድኩ። ከተመልካች ጋር ስቀመጥ የመጀመሪያዬ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሸምበቆ ዓይኑንም አንገቱንም ወደ ጥግ ላከ። ግንድ የሚያህል ተከላካይ ዞረለት። ሸምበቆ ቅርጫቱ ሥር... ሰው ሁሉ ብድግ አለ። እኔ ጉልበቴ እምቢ አለኝ።

«ያቺ የኔ ናት» አልኩት አጠገቤ ያለውን ሰውዬ።

ቁልቁል አየኝ። «እሺ አባቴ» አለና ማጨብጨቡን ቀጠለ።

ሲያልቅ ሸምበቆ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ መጣ።

«ጋሼ፣ የቀረ አለ?»

«ሞልቶ» አልኩት።

ነገ ጆንያ ተሸክሜ አንድ አዲስ ሽወዳ መፍጠር ሊኖርብኝ ነው።