ብቻዬን ቤተሰብ የሆንኩ ዕለት

ኃይለልዑል ወዳጄ፣

ጎጃም በረንዳ "ዕቃ ሊያመጣ ሄደ" ላሉህ ሁሉ እውነቱን ንገራቸው። ጆሃንስበርግ የመጣሁት የወንድሜን ልጅ እምነትን ልድር ነው። የምታገባው ሴት ናት፤ አባቷም አልሄድም ማለቱን ታውቃለህ። እዚህ ሕጉ ከፈቀደ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሕግ ግን ፊርማ እንጂ ዘመድ አይሰጥም።

ትናንት የእጮኛዋ አጎቶች ሽማግሌ ሆነው መጡ፤ ለካ ደንባቸው እንደኛው ነው። እኔም በአገራችን ወግ "ቤተሰብ ተማክሮ ይመልሳል" ብዬ ማድቤት ገባሁ። ከራሴ ጋር መክሬ ወጣሁና "ተስማምተናል" አልኳቸው።

እምነት "የቀሩትስ ምን አሉ፣ ጋሼ?" አለችኝ።

"በሙሉ ድምፅ ነው ያለፈው" አልኳት።

ቦታ አለቀብኝ፤ ቦሰናንና ልጆቹን ሳምልኝ። ይህን ፖስትካርድ ፖስታ ውስጥ አልከተትኩትም፣ እምነትም ፈቅዳለች፤ አባቷ ወንድሜ እጅ እስኪደርስ ያገኘው ሁሉ ያንብበው።