«እኛ» ያለ ሳህን ያጥባል

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ምሳ ምስር። መብራት የለም። እኅቴ ትንቢት ዛሬም አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ከግድግዳው ጋር ታወራለች። «ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ያልተስማማሁበት ጊዜ...» ግድግዳው ከእኔ ይሻላታል። አይስቅም።

በሚመጣው ሳምንት ረቡዕ አዲስ አበባ ያለ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ለፕሮዳክት ማናጀርነት በኢንተርኔት ቃለ መጠይቅ ያደርግላታል። ከዚህ በፊት ሁለት ኩባንያ ጥሏታል። ይሄም ከጣላት አባዬ ፍስሐ ገነት ከተማ ያፈላለገላትን የመዝገብ ቤት ሥራ ልትገባ ቃል ገብታለች። ትንቢት ፋይል አቀባይ... አይታየኝም።

አባዬ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ የምርት ሥራ አስኪያጅ ልትሆን ነው» ብሏል። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ አጥር ላይ ያዙኝ።

«ምንድን ነው የምታመርተው? ሳሙና ከሆነ ለእኔ በጅምላ ታድርግልኝ።»

እራት ላይ ለአባዬ አስረዳሁት። ምንም አታመርትም። የስልክ መተግበሪያው ምን ይሁን፣ የቱ ይቅደም የምትል እሷ ናት። የሚሠሩት ሌሎች ናቸው።

«ራሷ ሳትሠራ?»

«እንደ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በለው።»

አባዬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። እማዬን ውሃው ትን አላት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ጠያቂዋ እኔ ሆንኩ። የአባዬን መነጽር አደረግኩ። ምንም አይታየኝም፣ ግን ያስፈራል።

«በራስሽ ተነሳሽነት ያመጣሽውን ለውጥ ንገሪን።»

የኮንጋ ቀበሌውን ታሪክ ጀመረች። ዩኒቨርሲቲ እያለች ከጓደኞቿ ጋር የሠሩት ነው። ቡና ማጠቢያው እሸት ቡና የሚቀበልበትን ቀን ለገበሬው በስልክ ይልኩ ነበር። ገበሬው ግን መልእክቱን አያነበውም። «ችግሩን አጠናን፣ ወደ ድምፅ ቀየርነው፣ በጌዴኦኛ አደረግነው...»

«አደረግነው? እነሱ ዲላ ካፌ ተቀምጠው፣ አንቺ አይደለሽ በሞተር ሄደሽ ጭቃ ላይ የተዘረርሽው? ወይስ በኅብረት ወደቃችሁ?»

ቀስ ብላ፣ «እኔ እኔ ማለት ያሳፍራል።»

የመጨረሻው ኩባንያ የጻፈላት ይሄንኑ አይደል? የቡድኑ ሥራ ጥሩ ነው፣ ያንቺ ድርሻ ግን አልታየንም።

ሕግ አወጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ «እኛ» ያለ የእራቱን ሳህን ያጥባል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ሕጉ ከወጣ ወዲህ ሳህን አልነካሁም፤ የምታጥበው ትንቢት ናት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ስንለማመድ አባዬ በር ላይ ቆሞ ሰማን።

«ምንድን ነው የምታስተምሪያት? ሰይጣን የወደቀው እኮ 'እኔ' ብሎ ነው።»

ትንቢት አንገቷን ደፋች። አለቀ። ልትለቀው የነበረው «እኛ» ሊመለስ ነው... መዝገብ ቤቱም ታየኝ።

ጠዋት ግን አባዬ ራሱ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ መስክሮ ነበር። ያው በወባ ታሞ የዳነበት ታሪክ። ምዕመኑ በቃሉ ስለሚያውቀው አሜኑን ከእሱ ቀድሞ ነው የሚለው።

«አባዬ፣ ጠዋት 'ይርጋጨፌ ታመምን' አልክ እንዴ?»

«አልታመማችሁማ። የታመምኩት እኔ።»

«'ተነሣን፣ በእግራችን ዲላ ገባን' አላልክም?»

«ምስክርነት ሌላ ነው። ምስክርነት ላይ ሰው በራሱ የሆነውን ነው...»

የተናገረውን ራሱ ሰማው። እኔም ለዛሬ እንኳ አልሳቅኩም።

ቆይቶ መነጽሩን ከፊቴ ላይ አነሣና አደረገው። ከሥራ ተባረርኩ። ወንበር ስቦ ትንቢት ፊት ተቀመጠ።

«በይ ልጄ፣ መስክሪ። ምን ነበር? ምን አደረግሽ? ምን ሆነ? አትጨምሪ። አትቀንሺ። መቀነስም ውሸት ነው።»

ጀመረች። ኮንጋ ሄድኩ። ገበሬ እናቶቹን ጠየቅኩ። ሳቁብኝ። ማንበብ አንችልም፣ ስልኩም የልጆቻችን ነው አሉኝ። ተመልሼ ከጓደኞቼ ጋር ተከራከርኩ። ድምፅ ይሁን አልኩ።

«የማን ድምፅ እንደሚሆንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። አባቴ በጌዴኦኛ ሲናገር ሰው ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል።»

አባዬ ያኔ ድምፁን ሲቀዳ ሌላ ሰው ጠፍቶ መስሎት ነበር። መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ ጠረገው...

«ሰላምታው በዝቶ ነበር እንዴ?» አለ በመጨረሻ።

«ግማሹ ሰላምታ ነው አባዬ።»

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ተጠየቀች። አባዬ ደጅ ወንበር አውጥቶ ዘብ ቆመ። እትዬ ዘነቡን «ልጄ እየመሰከረች ነው» ብሎ መለሳቸው።

እኔ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። «ሄድኩ» ስትል ሰማኋት። ሄድን አላለችም። ሄድኩ። ያስተማርኳት እኔ... ታዲያ ለምን ሆዴ ባባ? ሁለታችን የምንተኛበት ይሄ ክፍል ለብቻዬ ትልቅ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ትምህርት ላይ ሆኜ ስልኬ ነዘረ። አንድ ቃል።

«አለፍን።»

«ቅጣት አለብሽ» ብዬ ጻፍኩላት።

«እዚህ ላይ አልተሳሳትኩም» አለችኝ።

አላለቀስኩም። ትንሽ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

መናኸሪያ ሸኘናት። አባዬ ሾፌሩን «የምርት ሥራ አስኪያጅ ነው የጫንከው፣ ቀስ በል» አለው። ሾፌሩ ምን እንደምታመርት ጠየቀ። አባዬ አየኝ። እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ።

እራት ላይ አባዬ ሳህኑን እያየ፣

«ገና ከአሁኑ ናፈቀችን» አለ።

«'ን' አልክ። ሕግ ሕግ ነው።»

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው እጅጌውን ሰብስቦ ተነሣ። እማዬ በዓይኗ ሳቀች። ጀርባውን እንደሰጠኝ፣

«አንቺስ?» አለኝ።

«እኔማ... ናፈቀችኝ።»

ጠጋ ብሎ አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ። እሱ በሳሙና አሸ፣ እኔ አለቀለቅኩ። ሁሉንም አጠብን።

ይኸው «አጠብን» ብዬ ጻፍኩት... ነገ ተረኛ ነኝ።